የዱባ ፍሬ ቀለም

አባባ ሠላሳ ዓመት ቀያሽ ነበር። መሬት ሲለካ በግራ ኪሱ ሃያ ፍሬ የተቆላ ሽምብራ ይይዛል፤ የመለኪያው ሰንሰለት አንድ ጊዜ በተዘረጋ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ቀኝ ኪሱ ያሻግራል። ግራው ባዶ ሲሆን ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይጽፍና ጥላ ፈልጎ ሃያዋንም አንድ በአንድ እየቆረጠመ ያርፋል። በከተማችን ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደውን መንገድ የለካው እንዲህ ነው። ሽምብራው በጨው ውኃ ታሽቶ የተቆላ መሆን ነበረበት። ጨው የሌለውን ፍሬ አይቆጥርበትም ነበር ይባላል።

ጡረታ ሲወጣ ሰንሰለቱን አስረከበ፤ ሽምብራው ግን ኪሱ ውስጥ ቀረ። እናቴ ከሞተች በኋላ ደግሞ በዛ። ገብሱ፣ ለውዙ፣ ዳቦ ቆሎው ተከትሎ ገባ፤ ሁሉም ጨው ያለው፣ ሁሉም ጥርስ ስር የሚጮህ። ዓይኖቹን ሞራ እየሸፈናቸው ሲመጣ ቀኑን የሚያሳልፈው በረንዳው ላይ ተቀምጦ በመቆርጠም ሆነ። ከበረንዳችን አባያ ይታያል፤ እሱ ግን ሐይቁን ካየ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና በሩ ጋ ሳልደርስ፣ የጥርሱን ድምፅ ሰምቼ ደህና መሆኑን አውቃለሁ።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ፣ ጤና ረዳቱ ዘካሪያስ የአባባ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጠቅልሎ ነፋ። ከዚያ ቁጥሩን ለአባባ ሳይሆን ለእኔ ነገረኝ፤ ሁለት መቶ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች እንደሚመጡ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ሞራ እንደሚገፍፉ አስረዳን። ስሙን ሊመዘግብለት ዝግጁ ነው። ነገር ግን ግፊቱ ከመቶ ስድሳ በላይ የሆነን ሰው ሐኪሞቹ አይነኩም፤ በሚቀጥለው ዓመት ይምጡ አይምጡ የሚያውቅ የለም። የሚውጠው የግፊት ኪኒን እንዳለ ይቀጥላል፤ ጨው ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል።

«ቆሎስ?» አለ አባባ።

«ቆሎ አልከለከልኩም፣ ጋሽ ተክለጻድቅ። የከለከልኩት ጨው ነው።»

«ልዩነቱን አላውቀውም» አለ አባባ፣ ኮቱን እየፈለገ።

ስድስት ሳምንት ነበረን። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ አበላሸሁት። ገብሱን ያለ ጨው ቆላሁለት፤ ሁለት ጊዜ አኘከና ጣሳውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ማንጎ ቆረጥኩለት፤ ይህ ይዋጣል እንጂ አይታኘክም አለኝ። ፓፓያም እንደዚያው። ካሮት ጥሬውን ሰጠሁት፤ ጥንቸል አይደለሁም አለ። የጨውን ዕቃ ከወጥ ቤት አንስቼ ከደብተሮቼ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በሦስተኛው ቀን ግድግዳውን እየዳበሰ ወጥ ቤት ሲገባ አገኘሁት። አፈርኩ፤ እሱም እንዳፈረ ከአንገቱ መደፋት አወቅሁ።

አገርነሽ ይህን ሁሉ ከአጥር ወዲያ ትሰማ ነበር። ጎረቤታችን ናት። ደጋው ላይ ገረሴ ተወልዳ፣ ባሏን ኦይታን አግብታ ወደ ከተማ የወረደችው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር፤ ኦይታ ጫኖ በሚባል መንደር የሙዝና የማንጎ ማሳ አለው። አባባ አገርነሽን በድምጿና በእግሯ ኮቴ እንጂ በመልክ አያውቃትም፤ እሷ ስትመጣ ሞራው ቀድሟት ነበር። ጴንጤ ናቸው። የጸሎት ቤታቸውን መንግሥት ካሸገው ወዲህ አገርነሽ መዝሙሯን የምትዘምረው እህል ስትቆላ ብቻ ነው፤ የእህሉ መንጣጣት ድምፅዋን ይሸፍንላታል። አባባ ከበረንዳው ሆኖ ይሰማታል። ጡረተኛ ቢሆንም የመንግሥት ሰው ነው፤ ስለ መዝሙሩ ግን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እንዲያውም እሷ ስትዘምር ቀበሌ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ ከሰማ፣ ከዘራውን ወለሉ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ያስጠነቅቃት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ ክፍተት ጠራችኝ። «አንተ እጅጋየሁ፣ ና እስቲ» አለች። ሴት መሆኔን አማርኛዋ አንዳንድ ጊዜ ይረሳዋል፤ እሷ ግን ምንም አትረሳም። የሳምንቱን ጭቅጭቃችንን ከነቃሉ ደገመችልኝና፣ ጋሼ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው አለች፤ አንዱ ድምፅ ነው፣ ሌላው አፍ ውስጥ የሚነክስ ነገር። ጨው ይነክሳል፤ ግን የሚነክሰው ጨው ብቻ አይደለም።

ያን ቀን ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከገረሴ የመጣላትን ገብስ ቆላችና፣ ምጣዱ ገና እንደጋለ ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበት። እህሉ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ወዲያው ተመልሶ ደረቀ። ደርቆ የተፈጨ ዝንጅብልና ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ጨው ያልገባበት ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት። ስኳር ድንች እንደ ወረቀት አሳስታ ቆርጣ ቆርቆሮው ላይ ለሁለት ቀን አሰጣች፤ ከዚያ ያለ ዘይት አመሰችው፣ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚሰበር ሆነ። የዱባ ፍሬም ነበረ። እሱን ብቻ እኔ በሌለሁበት ሠርታ በትንሽ ሳህን አመጣችው።

አባባ ከገብሱ አንድ ጭብጥ ወደ አፉ ወረወረና መንጋጋው ቆመ።

«ይሄ ጨው አለበት» አለ።

የለበትም አልነው። ማታለል እንደማይቻል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨው እንደሚያውቅ ነገረን። አገርነሽ ሎሚውን አምጥታ አፍንጫው ስር አስያዘችው። አሸተተው፣ ሌላ ጭብጥ ወሰደ፣ ቆረጠመ፣ ደግሞ ወሰደ። የዱባ ፍሬው ግን ከሁሉ በለጠበት። ለስላሳ ነው፣ ግን ይሰበራል፤ ቅባት አለው፣ ግን አይከብድም፤ ይህን እየተናገረ ሳህኑን ጨረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባባ ጥርስ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔም ከበሩ ሳልደርስ ድምፁን መስማት ጀመርኩ።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ዘካሪያስ መጥቶ ለካው። መቶ ዘጠና አምስት።

ዘካሪያስ ከሄደ በኋላ፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ የሚሞቅበትን ነገር አደረግሁ። አባባ ሲተኛ የኮቱን ኪሶች ፈተሽኩ። ፍራሹን፣ የጫማውን ውስጥ ሳይቀር አየሁ። ምንም የለም። ጠዋት ግን እንዳገኘሁ ሆኜ ጨው ከየት እያመጣ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«በእናትሽ ነፍስ» አለ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሐይቁ አዙሮ። «አንዲት ፍሬ ጨው አፌ ውስጥ አልገባችም።»

በእናቴ ነፍስ ምሎ አያውቅም። አመንኩት፤ ግን ቁጥሩም አይዋሽም።

እሑድ ጉንፋን ይዞኝ አልጋ ላይ ዋልኩ። አገርነሽ እንደ ወትሮዋ ማለዳ በቅል የቡና ቅጠል ይዛ መጣች። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ስታደርግ ኖራለች። የቡና ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ አንድ ላይ ይፈላል፤ በአገሯ ቀን የሚጀመረው በእሱ ነው። አንድ ክረምት አባባን ሳል ሲይዘው አመጣችለት፣ ሳሉ ሲተወው እሷ ማምጣቷን አልተወችም። ቤታችን ውስጥ ስሙ «የአገርነሽ መድኃኒት» ነበር። የአባባ መድኃኒት ስለሆነ እኔ ቀምሼው አላውቅም። ያን ቀን ግን ለጉንፋኔ ብላ ለእኔም ቀዳችልኝ።

ከንፈሬን እንዳስነካሁት አወቅሁ። እንባ የሚመስል ጨው ነበር።

ማናችንም አላሰብነውም። ዘካሪያስ ስለ ምግብ ጠየቀ፤ ይህ ምግብ አልነበረም። አባባ ሲምል አልዋሸም፤ ጨው ለእሱ የሚቆረጠም ነገር ነው እንጂ የሚጠጣ አይደለም። አገርነሽን በዘዴ ጠየቅኋት። የቡና ቅጠል ያለ ጨው አይጠጣም አለችኝ፣ ከብት እንኳ አይጠጣውም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጋሼ ቆሎውን በጨው ከተከለከለ ወዲህ አንጀቷን ስለበላው በቅሉ ትንሽ እንደጨመረችለት ነገረችኝ። ያኔ ጨው ከኅብረት ሱቅ በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። የምትጨምርለት ከራሷ ድርሻ ቀንሳ ነው።

ለአባባ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ከዘራውን በእጁ አሽከረከረ።

«እንዳትነግሪያት» አለ። «ሴትዮዋ በየማለዳው አጥር ዞራ ያመጣችውን ቅል አልመልስም። ይቅር፣ ዓይኑ ይቅር።»

አለማየትን እንደለመደው፣ ከዚህ በኋላ ብዙ የሚያየው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ይህን ሲል እጁ ሳህኑን ይፈልግ ነበር፤ ሳህኑ በስተቀኙ ነበረ፣ እሱ በግራ ይዳብሳል።

ሄጄ ነገርኳት። ቃላት መምረጥ እወዳለሁ፣ ያን ቀን ግን አንድም ጥሩ ቃል አላገኘሁም። ቅሉ ውስጥ ያለው ጨው የአባባን ግፊት ከፍ አድርጎ እንደያዘው ብቻ ነው ያልኳት። አገርነሽ እጇ ላይ የነበረውን ወንፊት አስቀመጠች። «እኔ ነኝ?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ ገባች።

ሰኞ ማለዳ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ከአጥሩ ወዲያ የሚቆላ ነገር የለም፣ መዝሙርም የለም። አባባ አልተቆጣኝም፤ ያ ከቁጣ ይበልጥ ነበር። ሁለቱንም ማለዳ እሷ በምትመጣበት ሰዓት በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ እጆቹን ቅል ለመቀበል እንደሚያደርገው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የእግሯን ኮቴ ሰማን። ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች፤ በደነገጠች ጊዜ አባባንም ሴት ታደርገዋለች። «ሁለት ቀን እኔ ራሴ ስጠጣ ነበር። የመጀመሪያው ጭቃ ነው። ሁለተኛው ሣር ነው። ይሄኛው ይጠጣል።»

ጨው አልነበረበትም። ዝንጅብሉን እጥፍ አድርጋ፣ ጠጅ ሣርና ጤና አዳም ጨምራ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ አንጠባጥባበታለች። ለኦይታ ስታቀምሰው ፊቱን አጨማዶ ወደ ጫኖ ሳይነጋ መሄዱን ነገረችን። እሷ ግን ለመደችው፤ ከእንግዲህ በቤቷም የሚፈላው ይኸው ነው አለች፣ ጋሼ ብቻውን እንዳይጠጣ። አባባ ተቀበለ። አንዴ ተጎነጨ፣ ደግሞ ተጎነጨ። ኦይታ እውነቱን ነው አለ። አገርነሽ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ አባባ ቅሉን እስከ አተላው ጨረሰው፤ በማግሥቱም፣ በየማግሥቱም።

ሐኪሞቹ ሲመጡ ዘካሪያስ ሁለት ጊዜ ለካው፤ የመጀመሪያውን አላመነም ነበር። መቶ አምሳ ስድስት። አባባ ቁጥሩን ሲሰማ እጁን ግራ ኪሱ ከተተ፤ አንድ ፍሬ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያሻግር አየሁት።

ሞራው ተገፍፎ ፋሻው ከቀኝ ዓይኑ የተነሣ ዕለት ከሆስፒታል ይዤው መጣሁ። የራሱ መነጽር እስኪደርስ ከሆስፒታሉ በተዋሰው ወፍራም መነጽር መንገዱ ላይ ብዙ ነገር እየቆመ አየ። በረንዳው ላይ ሲደርስ ሐይቁን ያያል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ አጥሩ ዞረ።

አገርነሽ ግቢዋ ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አላየችንም። ምጣዱ እሳት ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጭኗ ላይ ሰፌድ አለ፤ በአንድ በኩል ነጭ ልጣጭ የያዙ የዱባ ፍሬዎች፣ በሌላ በኩል የተላጡት። አንዷን ታነሣለች፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠርዙን ትሰነጥቃለች፣ ውስጡን አውጥታ ታስቀምጣለች። እንደገና ታነሣለች። አጠገቧ ያለው የልጣጭ ክምር እስከ ጉልበቷ ይደርሳል።

አባባ ረጅም ጊዜ አየ። እንደ ቀያሽ ነበር የሚያየው፤ ከጥፍሯ ወደ ሰፌዱ፣ ከሰፌዱ ወደ ክምሩ፣ ከክምሩ ወደ ፊቷ።

«አረንጓዴ ነው ለካ» አለ በመጨረሻ። «ልጣጭ እንዳለውም አላወቅሁም።»

አገርነሽ ቀና አለች፤ መዝሙሩ ተቋረጠ። ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ አቅንቶ ሲያያት ደንግጣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደ እንግዳ። አባባ ከዘራውን እኔ ጋ ትቶ በአጥሩ ክፍተት አለፈ። ልቅረብ ብል በእጁ ከለከለኝ። ድንጋይ ስቦ ከሰፌዱ ማዶ ተቀመጠና ከነጮቹ አንዷን አነሣ። ጥፍሩ አልለመደም፤ ፍሬዋ ሁለቴ አመለጠችው፣ በሦስተኛው ተሰነጠቀች። አረንጓዴዋን በመዳፉ አስቀምጦ ወደ ብርሃኑ አዞረና አያት፤ ከዚያ ለአገርነሽ ዘረጋላት።

ተቀብላ ቆረጠመች። ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

«ዘምሪ እንጂ» አላት አባባ፣ ሁለተኛዋን እያነሣ። «እህሉ እየተንጣጣ ነው።»