ጠማማዋ ካሬ

ለይላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ሲገባ፣ ደሴ የምትኖረውን እናቷን መዲናን እንቅልፍ የነሳት የልጇ ምጥ አልነበረም፤ ጣይባ ነበረች። ጣይባ የለይላ አማት ናት፣ ኮምቦልቻ የምትኖር። የበኩር ልጅ በወላዷ እናት ቤት መወለዱ የአገር ወግ ነው። ግን የጣይባ አገር ሞቃት፣ ልጇ፣ የለይላ ባል የሱፍም፣ እዚያው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። «ደሴ ብርድ ነው፣ እዚሁ ትውለድ» ብትልስ?

«ደግሞ ለልጁ ብርድ ልብስ እየሰፋች ነው አሉ» አለቻት ጎረቤቷ ገበያነሽ፣ መሠረተ ትምህርት ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው። «ፋብሪካው ለሠራተኛ ከሚሸጠው ቁርጥራጭ። ያየው ሁሉ አፉን ይዟል።»

መዲና ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አንድም ፊደል አላየችም።

የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ለአብዮት በዓል ባለ ሦስት ማዕዘን ባንዲራ ሲቆርጥ፣ በሰያፍ የተከፈለ የካሬ ግማሽ የሚመስል ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨርቅ ይተርፋል። መዲናም ብርድ ልብስ ልትሰፋ እሱን ለምና በዘንቢል ተሸክማ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቷ ገባች። ሁለቱ በረጅም ጎናቸው ሲገጥሙ አንድ ካሬ ይወጣቸዋል፤ ቀላል መሰላት። ግን ረጅሙ ጎን በሰያፍ የተቆረጠ ነውና ሲጎትቱት ይለጠጣል። እሷ ደግሞ በመርፌው የምትጎትተው ክሩን ሳይሆን ጣይባን ይመስል ነበር። ካሬዎቹ እንደ ሳምቡሳ ተነፉ።

«ምንድን ነው ይሄ ድሪቶ?» አለች ገበያነሽ።

«አፍሽን ቁረጪው! ብርድ ልብስ ነው።»

«ታዲያ ሆዱ ምነው? እሱም አርግዟል?»

መዲና ብርድ ልብሱን ጠቅልላ፣ ልጇን ልታመጣ ኮምቦልቻ ወረደች። የጣይባ ሥራ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ጫፍ ከጫፍ ገጥሞ፣ እንደ ረጋ ውሃ ተኝቷል።

«እንዴት እንዲህ ተኛልዎ?» አለች መዲና፣ ሳትወድ።

«ሳልጎትት ሰፋሁታ፣ ምን ጥበብ አለው ብለው!» አለች ጣይባ። «በሉ ልጅዎን ይዘው ይውጡ፣ ወጉ የእርስዎ ነው። የደሴን ብርድ ፈርቼ ነው ይችን የሠራሁ።»

መዲና የራሷን ጥቅልል ሳትፈታ፣ ለይላንና የጣይባን ብርድ ልብስ ይዛ ደሴ ተመለሰች። ልጇን አገኘች፤ የጣይባ ደግነት ግን ከስፌቷ ብሶ አንገበገባት።

ለይላ በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ በመዲና ብርድ ልብስ ሲጠቀለል እሪ ይላል፤ በጣይባው ይተኛል። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ማሻአላህ! ማን ሰፋው?» ይላል። መልሱን እየደጋገመች የምትናገረው መዲና ራሷ ናት።

አንድ ቀን እንግዳው ሲወጣ ምላጭ አነሳች። የጣይባን ብርድ ልብስ አንዱን ጥግ ተርትራ፣ ከራሷ ካሬዎች አንዷን፣ ቀይና ቢጫዋን፣ እዚያ ሰፋቻት። ቀና ስትል ለይላ ከአልጋዋ ታያታለች።

«እማየ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ተተርትሮ ነበር፣ ልጠግነው ብዬ።»

«ጠዋት ደህና አልነበር?»

«ደሴ ነው እኮ ልጄ። ብርዱ ይተረትራል።»

ለይላ ሆዷን ይዛ እስክታቃስት ሳቀች።

በማግስቱ ገበያነሽ መጥታ ጥጉን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። «ይቺን ያበጠች ካሬ የት ነው የማውቃት? ለመሆኑ ማን ነው የሰፋው?»

«ጣይባና እኔ» አለች መዲና።

የጣይባን ስም ማስቀደሟ የቆጫት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።