ነጥብ ያጡት ቢራቢሮዎች

መምህር ይሄይስ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወልውለው መልሰው አደረጉት።

"ሰኪና፣ መርዛማዋ የትኛዋ ናት?"

ሰኪና ጎንበስ ብላ አየች። ሁለቱም ቢራቢሮዎች ብርቱካናማ፣ ሁለቱም ለሠርግ የተኳሉ ይመስላሉ።

"እኔ እንጃ፣ ጋሼ።"

"እኔም እንጃ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረታ ባለችው ትንሽ ሙዚየም የፎገራ ሜዳ ቢራቢሮዎች በማግስቱ ለሕዝብ ሊታዩ ነው። ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር ከሩዝ ማሳ ዳር የሰበሰቧቸውን በመስታወት ሣጥን ደርድረዋል። ደቃቅ ስለሆኑ አጠገባቸው ትልልቅ ፎቶ ይሰቀላል፤ ከፎቶው ሥር የቢራቢሮዋ ስም፣ ከጥጉ የፎቶ አንሺዋ ስም ይጻፋል። ሰኪና ከሙሽራና ከጉርድ ፎቶ የተለየ ሥራ፣ ስሟ ያለበት ሥራ ስትመኝ ነው የኖረችው።

ታዲያ ሥራውን የሠራችው እንደ ለመደችው ነው። በእሷ ፎቶ ቤት ሙሽራ ከነብጉሯ አትወጣም። ከቢራቢሮዎቹም ፎቶ ላይ ነጥባቸውን በኮምፒውተር አጠፋች፣ የተቀደደ ክንፋቸውን ደፈነች፣ አፈካቻቸው። የመጀመሪያዎቹንም፣ ቦታ እንዳይይዙ ብላ፣ ከካሜራው ሰርዛለች።

"የኋላ ክንፏ ላይ ሦስት አራት ጥቁር ነጥብ ያላት መርዛማዋ ናት፤ ወፍ አይደፍራትም" አሉ መምህሩ። "ሌላኛዋ ግን መርዝ የላትም፤ ያችን መስላ ነው የምትኖረው። እሷ ያላት አንድ ነጥብ ነው። አንች ሁሉንም አጥበሽ ሰደድሻቸው!"

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች ሰኪና በሆዷ።

"ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ጋሼ። አበላሸሁብዎ።"

"ለማሳመር ብለሽ እንጅ ለማበላሸት መች አሰብሽ? በይ ሣጥኑን ወደ መስኮቱ እናስጠጋው፣ ፀሐይ ሳትዞር።"

ነጠላቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ወጥረው ቆሙላት፤ ብርሃኑ ከነጩ ነጠላ ተመልሶ ክንፎቹ ላይ አረፈ። እሷ ታነሳለች፣ እሳቸው መጽሐፋቸውን ገልጠው ነጥብ ከነጥብ ያስተያያሉ። ክንዳቸው ሲዝል "ቶሎ በይ፣ እኔ እንደሆንሁ ግድግዳ አይደለሁ" እያሉ ያስቋታል። የየቢራቢሮዋ ስም እየተገኘ ተጻፈ። በመጨረሻም ከየፎቶው ጥግ የሰኪናን ስም በራሳቸው እጅ ጻፉት። ሌላ ሰው ቢሆን ያባርራት ነበር። እንባዋ መጣ።

"አላህ ያክብርልኝ፣ ጋሼ" ብላ ወጣች።

ፎቶ ቤቷ በር ላይ አባቷ ሳልህ ወንበር ይዘው መንገዱን ይቃኛሉ። ከጀርባቸው፣ ከመስታወቱ ውስጥ፣ የራሳቸው ፎቶ ለማስታወቂያ ተሰቅሏል። ሳልህ ጭነት መኪና ላይ የሩዝ ጆንያ ሲጭኑ የመኪናው የጎን ብረት፣ ስፖንዳው፣ ቅንድባቸውን ሰንጥቋቸው ነበር፤ የልጃቸው የመጀመሪያ ካሜራ የተገዛው በዚያ ሥራ ነው። ፎቶው ላይ ግን ጠባሳው የለም። ሰኪና አጥፍታዋለች። እሳቸውም ባዩት ቁጥር "ይኸ ጎልማሳ የማን አባት ነው?" እያሉ ይቀልዳሉ። እሷም አብራ ስትስቅ ኖራለች።

ዛሬ አልሳቀችም። ፎቶውን ከመስታወቱ አወረደችው።

"አባባ፣ ይግቡና ይቀመጡ። እንደገና ላነሳዎ ነው።"

"ያ ጎልማሳስ?"

"እሱን አላውቀውም" አለችና መብራቱን ጠባሳው ወዳለበት ወገን አዞረችው።