የአያ ዋኘው ትንሿ ጣት

አያ ዋኘውን የወለቃ ሰው የሚያውቀው በአንዲት ቃል ነው፤ «ቻለው» በምትለዋ። ወጌሻ ነው። የወለቀ ትከሻ፣ ከበቅሎ ወድቆ የተሰበረ ክንድ ይዞ የመጣ ሁሉ ገና ከበሩ ሲያቃስት «ቻለው!» ይባላል። አጥር የምትጋራው ጎረቤቱ አባይነሽ ጉልበቷ የዞረ ጊዜ ብትጮህበት፣ «ጩኸትሽን ለልቅሶ አስቀምጭው፣ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሏታል። ጉልበቷ ድኗል፤ ነገሩን ግን አልረሳችውም።

የአያ ዋኘው ሙያ ያለው ጣቶቹ ላይ ነው። አጥንት መግጠም አለመግጠሙን በቆዳ ላይ ዳብሶ ይለያል። ጨርቅ የሚነክርበትን ውሃ ሙቀት ደግሞ የሚለካው በቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ነበር፤ ጠለቅ ያደርጋትና «ልኩ ነው» ይላል፣ አለቀ። ያች ጣትና ጎረቤቷ የቀለበት ጣት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደንዘዝ ብለዋል። «ብርድ ነው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ሸሪፍ የሚባል የጎንደር ጨርቅ ነጋዴ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት መጣ። አያ ዋኘው ትንሿን ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረና «ልኩ ነው» አለ። ጨርቁን በእንጨት አውጥቶ እግሩ ላይ ጣል ሲያደርገው ሸሪፍ ከመደቡ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«አቃጠልከኝ!»

«ቻለው!»

«ምኑን ልቻለው! እስኪ ጣትህን ተመልከታት!»

አየ። ትንሿ ጣቱ እንደ በርበሬ ቀልታ ቆዳዋ ኩፍ ብሏል። አላመመውም። ምንም። አያ ዋኘው ክው አለ። የሰው ጣት ተውሶ የያዘ ይመስል እጁን ከራሱ አርቆ ያያት ጀመር። የዚያኑ ቀን ለሚስቱ ለዓይናዲስ ቁርጡን ነገራት፤ «ይች ጣት ካልተመለሰች ሁለተኛ የሰው ገላ አልነካም።» ዓይናዲስ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ተወችው።

ጎንደር ሆስፒታል የመረመረችው ሐኪም ሕሊና ትባላለች። «ክርንዎ ጋ ነርቩ ታንቋል፤ ከፍተን ማነቆውን እናላላዋለን» አለችው። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሲሸኙት፣ ፋሻውን እንዳያጠብቅ፣ ጣቶቹንም እያንቀሳቀሰ እንዲሰነብት አስጠነቀቀችው። «ስሜቱ እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበ ነው የሚመጣ። ሙሉ ለሙሉ ላይመለስም ይችላል፤ አልዋሽዎትም።»

አያ ዋኘው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ እስከ ወለቃ ሲያጉረመርም መጣ። «የላላ ነገር መቼ ድኖ ያውቃል? ያልታሰረ ክንድ ክንድ ነው?» ቤት ገብቶ ምን አደረገ መሰላችሁ? ስብራት የሚያስርባቸውን የቀርከሃ ስንጥሮች አወረደና ዓይናዲስ ከብት ልታስገባ በወጣችበት፣ በግራ እጁና በጥርሱ እየጎተተ ክንዱን በፋሻው ላይ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ጋቢውን ደረበበትና ተኛ።

ጠዋት ዓይናዲስ ጋቢውን ገለጥ አደረገችው። ጣቶቹ አብጠው እንደ በሰለ ዶቅማ ጠቁረዋል። ጩኸቷን የሰማችው አባይነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች፤ በመቀስ እየቆረጡ ፈቱት። ደሙ ሲመለስ ሕመሙ እንደ እሳት ነደደበት፤ አያ ዋኘው፣ ያ ስንቱን ዝም ያሰኘ ሰው፣ ሰፈር አናወጠ።

«ቻለው፣ አያ ዋኘው» አለች አባይነሽ ቀስ ብላ።

ሆስፒታል ሲመልሱት ሐኪሟ በክንዱ ላይ የቀረውን የስንጥር ሰምበር አይታ ደነገጠች። «ማነው እንዲህ ያሰረው?»

አያ ዋኘው ጣሪያውን አየ። «አንድ ወጌሻ ነው።»

«ማን ይባላል?»

«እንጃ። መንገድ ላይ የተገናኘን ሰው ነው።»

«ሁለተኛ እንዳይጠጉት!»

«አልጠጋውም» አለ፣ ከልቡ። ዓይናዲስ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ስፌቱ ተፈታ፣ ቁስሉ ጠገገ፣ ክረምቱም ወጣ። ጣቶቹ ግን ዝም እንዳሉ ናቸው። የተሰበረ ሰው ሲመጣ አያ ዋኘው ከበር ሆኖ «ሆስፒታል ሂድ» እያለ ይመልስ ጀመር። ሐኪሟ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ሰው በጥጥ እየነካ እንዲሞክረው ብላው ነበርና፣ ሸሪፍ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው በመጣ ቀን አባይነሽ ጥጧን ይዛ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ጨፍን። አጮልቀህ እንዳታይ። የትኛዋ ናት?»

«ትንሿ!»

«አሁንስ?»

«የቀለበቷ! ኧረ ሁለቱም፣ ሸጋ አድርገው ሰሙ እኮ!»

ዓይናዲስ እልል ልትል አፏን ከፈተች። አባይነሽ ግን አልሳቀችም።

«አያ ዋኘው፣ ጥጧ እኮ መሬት ላይ ናት። አልነካሁህም።»

አያ ዋኘው ዓይኑን ገለጠ፤ ጥጧን ወለሉ ላይ አያት። የዋሸው እነሱን ብቻ አልነበረም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ቀኝ እጁን ከኋላው አልጋው ጠርዝ ላይ እንደ አሮጌ ጨርቅ ጣላት።

«ዓይናዲስ፣ ቀርከሃውን ለማገዶ አድርጊው።»

«ምነው? እንዲያው ምነው?»

«አድርጊው አልኩሽ! ሌላ ሰው ላቃጥል?»

ሸሪፍ ብርቱካኑን መላጥ ጀመረ። አባይነሽ በራሷ ምላስ ተናዳ አንገቷን ደፍታለች። በዚህ መሃል አያ ዋኘው ከግድግዳው ጋር እንደተፋጠጠ ተነጫነጨ።

«ያችን ዝንብ እንኳ አባሩልኝ እንጂ!»

አባይነሽ ነጠላዋን አነሣች። ልታርገበግበው ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የቷን ዝንብ?» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«እጄ ላይ ያለችውን ነዋ!»

ሸሪፍ ብርቱካኑን አስቀመጠ። «የት ጋ ናት፣ አያ ዋኘው? እንዳትዞር። የት ጋ?»

«ትንሿ ጣቴ ላይ፣ ከጥፍሩ ከፍ ብላ… አሁን ወረደች… ወደ ጎን…» ንግግሩ ተቆረጠ።

ዝንቧ እሱ የጠቀሰው ቦታ ላይ ነበረች። «ወረደች» ሲል ወርዳለች፤ «ወደ ጎን» ሲል ወደ ጎን ሄዳለች። ዓይናዲስ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። አያ ዋኘው አንገቱን ብቻ ቀስ አድርጎ አዞረ፤ ክንዱን አላንቀሳቀሰም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ነጠላሽን አውርጂ» አለ በሹክሹክታ። «እንዳትነኪያት፣ አባይነሽ። በማርያም!»

«ትኮረኩራለች?» አለ ሸሪፍ።

«ኧረ ክፉኛ!»

«ቻላት እንግዲህ።»

ዝንቧ ብድግ ብላ ጣሪያ ጣሪያውን ዞረች። አራቱም አንጋጠው አዩአት። ዕድሜዋን ሙሉ ዝንብ ስታባርር የኖረችው ዓይናዲስ ከሸሪፍ እግር ሥር የብርቱካኑን ልጣጭ አነሣችና ከባሏ እጅ አጠገብ አስቀመጠችው።