የተከመረ ጨርቅ

«ቡዳው የሚበላው ሰው ሲያጣ ራሱን በላ!»

ከለቀስተኞቹ መሐል የወጣች ሹክሹክታ ናት። ወለተሐና የዘገነችውን ንፍሮ ሰፌዱ ላይ መለሰችው። የአባቷ የአናጢው ወልደአረጋይ ሠልስት ነው። አንኮበር ላይ እሱ ያልሠራው በር የለም። በቁሙ «ጠይብ» ብለው ከገበታው የሸሹት ሁሉ ዛሬ ንፍሮውን በእፍኝ ይዘግናሉ።

«ማነሽ አንቺ? ጮክ በይና እንስማሽ!»

«ተይ ልጄ» አሉ የደብሩ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም። «እኔም የከበደኝ ነገር አለ። አባትሽ ለደብሩ የሠራውን አትሮንስ… ምእመኑ ቤተ ክርስቲያን አይግባብን ይላል። ጎጆውን ያነደደው የገዛ መተቱ ነው እያለ።»

አትሮንሱ ጥግ ላይ ቆሟል፣ እንደ ቁራ ክንፍ ጠቁሮ። አባቷ ተቃጥሎ ከሞተበት የሥራ ጎጆ ውጭ ስለነበር ተረፈ።

መተት! አባቷ የግራር ልጣጭ ቀቅሎ እንጨቱን ያጠጣዋል፤ የዛገ ምስማር የተዘፈዘበትን አቼቶ ከላይ ሲቀባው እንጨቱ ዓይኗ እያየ ይጠቁራል። «ጣልያን ካመጣብን ሁሉ የሚረባው ይህ ኮምጣጣ ብቻ ነው» ይል ነበር። የአቼቶውን ማሰሮ አይደፍነውም፤ ካልተነፈሰ ይፈነዳል። እሳት አያስጠጋውም። መጨረሻ ላይ በተልባ ዘይት ያሸዋል፤ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ግን አጥር ላይ አንድ በአንድ ይዘረጋዋል። «ከተከመረ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። እንዳትከምሪ!»

«መሪጌታ፣ እርጥብ ድርቆሽ ቢከመር ምን ይሆናል?»

«ይግላል። መዘዞ አገር የአጎቴ ክምር እንዲሁ በራሱ ጨሶ ነዷል።»

«አጎትዎ ቡዳ ነበሩ?»

አንድ ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።

«የዘይት ጨርቅም እንደዚያው ነው! አባቴ አጥር ላይ አስጥቶት ነበር። ሰብስቦ ጎጆው ውስጥ የጠቀጠቀው አለ። ያን ሰው ባገኘው…»

አክስቷ ባፈና ክንዷን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ» አለች በጆሮዋ። «ባንዳዎቹ ሽቅብ ሲመጡ አየሁ። አጥር ላይ የተሰጣ ጨርቅ ካዩ ለአርበኞች ምልክት ነው ብለው ወንድሜን ይሰቅሉብኛል ብዬ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። ሲያልፉ ላወጣው ነበር… ረሳሁት።»

የወለተሐና ደም ፈላ። ምላሷ ላይ የመጣው ቃል አክስቷን ከአገር የሚያስወጣ ነበር። ሰው ሁሉ አፏን ያያል።

«ማነው ልጄ?» አሉ መሪጌታ።

«ጣልያን ነው!» ብላ ጮኸች። «ጨርቃችንን አጥራችን ላይ እንዳንሰቅል ያስፈራን ማን ሆነና!»

«ኧረ ቀስ! ልታስፈጂን ነው?» አለ ዳሱ።

መሪጌታ ተነሡ። ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው አትሮንሱ ላይ ዘረጉትና ቆመው መድገም ጀመሩ። ሹክ ያለችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ጸሎቱ ሲያበቃ ወለተሐና የቀረችውን የተልባ ዘይት አምጥታ አትሮንሱን አሸችው፤ ሲያብረቀርቅ ጨርቁን ይዛ ወደ አጥሩ ወጣች። ከታች መንገዱ ላይ የባንዳ ቆብ ይታያል። ባፈና በሩ ላይ ተገትራ ቀርታለች።

ወለተሐና ፊቷን ሳታዞር የጨርቁን አንድ ጫፍ ዘረጋችላት።

«ያዢ። ሳይታጠፍ።»