በሄድንበት በኩል ወፍ የለም

ብርሀነ ሁመራ ከተማ በትግርኛ ያደገ ሰው ነው። አማርኛን የለመደው ሜልቦርን ከመጣ በኋላ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቸርች መዘምራን ነው። ስለዚህ «እነሆ» ለማለት አይቸገርም፤ የሰፈር አነጋገር ሲመጣ ግን ግራ ይገባዋል። አንዴ መዘምራኑ ቀለድክብን ለማለት «ሙድ ያዝክብን» ቢሉት ኪሱን ፈተሸ ይባላል። ሰው ማጋነን ይወዳል፤ እጁን ነው ያየው።

እንግዲህ ይህ ሰው ዶርቃን ወደዳት። ዶርቃ እዚሁ ያደገች የነርሲንግ ተማሪ ናት። እሑድ እሑድ ከቸርች ሲወጡ እሷንና እናቷን እትዬ የሻረግን በመኪናው ታርኔት ሰፈር ቤታቸው ያደርሳቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። ከዚያ ተነሥቶ፣ እንደ ወጉ ነው ብሎ፣ ለእናቷ ሽማግሌ ላከ። አርብ ማታ ጋሼ ኢሳያስ ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ሄዱ።

ጋሼ ኢሳያስ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው፤ ነገረ ሥራቸው ሁሉ ወፍ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከታዝማኒያ ደሴት ባሕሩን ተሻግራ የምትመጣ፣ ሆዷ ብርቱካን የመሰለ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለች። ዘሯ ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው። በጎ ፈቃደኞች ባሕር ዳር ያለው ረግረግ ላይ እየወጡ ይቆጥሯታል። ጋሼም ብርሀነን «ቅዳሜ ለቆጠራው አብረኸኝ ና፤ የሽማግሌውን ነገር እዚያ እነግርሃለሁ» አሉት።

ሐምሌ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪና ውስጥ ስለ ቦት ጫማ አወሩ፣ ስለ ማዕበል አወሩ፣ ስለ ዶርቃ ግን ዝም። እንደደረሱ «አንተ ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ቁም፤ እኔ ወደ ማዶ ልሂድ» ብለው ላጥ አሉ። ፈርተው ነው፣ ሌላ ምን ይባላል። ቁርጥ ወሬ በአፍ ከመናገር በስልክ መጻፍ ቀለላቸው።

ብርሀነ ባለ እግሩን የወፍ ማያ መነጽር ተክሎ ጭቃውን ሲያይ መልእክት ገባለት።

«ብርሀነ ልጄ፣ በሄድንበት በኩል ወፍ የለም። አትጠብቅ።»

አሳዘኑት። እሳቸው ያሉበት ማዶ ወፍ ጠፍቶ በብርድ ቆመው ታዩት። «አይዞዎት ጋሼ፣ ከሰዓት ይመጣ ይሆናል» ብሎ ጻፈላቸው።

ትንሽ ቆይቶ መለሱ፤ «አይመጣም። ቁርጥህን እወቅ።»

ስንት ዓመት ወፍ የጠበቀ ሰው እንዴት በአንድ ጠዋት ተስፋ ይቆርጣል? ብርሀነ ይህንኑ እያብሰለሰለ ሳለ ሁለት አረንጓዴ ወፎች ጨዋማው ቁጥቋጦ ላይ አረፉ። የአንደኛው ሆድ ብርቱካን ነው። ወዲያው ጻፈ፤ «ጋሼ፣ አለች እንጂ። ሁለት ሆነው መጥተዋል፣ በዓይኔ አየኋት።»

ጋሼ ኢሳያስ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ጭቃውን እየረገጡ ሮጠው መጡ።

«ከማን ጋር አየሃት?» አሉ እያለከለኩ።

«ከባሏ ጋር ይመስለኛል።»

«ባል አላት እንዴ? እናቷ እንዲህ አላሉንም።»

«የማን እናት?»

ተያዩ። ወፎቹ በዚህ መሃል ብር ብለው ሄደዋል፤ ልብ ያላቸውም የለም።

«አንተ ስለ ምን ነው የምታወራው?» አሉት።

«ስለ ወፏ።»

ጋሼ እርጥቡ ሣር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ‹ወፍ የለም› ማለት ነገሩ አልሆነም ማለት ነው። እትዬ የሻረግ ‹ልጄ ተማሪ ናት፤ የሚሆናትንም እኔ አውቃለሁ› ብለው መለሱን።»

ብርሀነ አፈረ፤ እምቢ ተብሎ «አይዞዎት» ማለቱ ከእምቢታው ይበልጥ አንገበገበው። «ዶርቃስ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«እሷማ የማታ ሥራዋ ላይ ነበረች።»

«ከሥራ ስትመለስስ ጠየቃችኋት?»

ጋሼ መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። ሽማግሌ ሆነው ስንት ቤት ሲገቡ ይህን የጠየቃቸው የለም።

ብርሀነ ስልኩን አወጣና ደወለ።

«ብሬ? ነገ ሊፍት አለ አይደል?» አለች ዶርቃ።

«አለ። እኔ ትናንት እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ስለ አንቺ።»

«ዌይት። ስለ እኔ? ማሚ ምን አለች?»

«እምቢ አሉ።»

ሳቀች ይሁን ተናደደች፣ ከንፋሱ ድምፅ መለየት አልቻለም። «ሁለት ዓመት አብሬህ ስሄድ አፍ አልነበረኝም? እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ያጠናው የመጽሐፍ አማርኛ ሁሉ ጠፋበት። «ታገቢኛለሽ?» አለ ባጭሩ።

«እንጃ» አለች። «ሪሊ፣ እንጃ። ያለህበትን ላክልኝ፤ እመጣለሁ።» ዘጋችው።

ብርሀነ ያለበትን ላከላት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረና «ጋሼ፣ ‹እንጃ› ብላ መልሳ ‹እመጣለሁ› ካለች፣ እሱስ ምን ማለት ነው?» አላቸው።

ጋሼ ኢሳያስ ከእርጥቡ ሣር ላይ ተነሡ።

«እሷኑ ጠይቃት» አሉት።