ወንድ የማይገባበት ውሃ

ከመንደራችን በታች ባለው ኩሬ ወንድ አይገባም። ወንድ ከገባበት ውሃው ይመክናል ይባላል። የሞከረ የለም። እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ዳር ቆሜ አውቃለሁ እንጂ እግሬን ነክሬ አላውቅም። ዲሄ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር በቅል ይቀዳሉ፣ አሸዋ ላይ ያፈሱታል፣ ሲደርቅ እንደ ቂጣ ቆራርሰው ያነሡታል። ወጣችን እሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከኩሬው በላይ ያረጀ የመኪና ባትሪ እያቀለጡ እርሳስ የሚያወጡ ሰዎች ሰፈሩ። ፍየሎቻችን ማለቅ ሲጀምሩ ሰዎቹ ሄዱ። እርሳስ የነካውን አፈር ግን ዝናብ አጥቦ ኩሬው ውስጥ ከተተው። ዲሄው ጠፋ። ሴቶቹ የግማሽ ቀን መንገድ እየሄዱ ከሌላ ሐይቅ ማምጣት ጀመሩ።

ባለፈው በጋ ዶክተር ንጋርሌጂ የሚባል ሰው ከዋና ከተማው ከኢንጃሜና በርሜሎች ጭኖ መጣ። ግራሩ ሥር ሰበሰበን። በርሜሉ ውስጥ ያለው የዲሄ ዘመድ ነው አለ፤ ነገር ግን ተፈጥሮውን ለውጠውታል። እርሳሱን ከውሃው እየመጠጠ ሆዱ ውስጥ ያጠራቅማል። ሲጠግብ እነ ዶክተሩ መጥተው ገፈው ይወስዱታል። ውሃው ይጠራል፤ እሱ ራሱ ግን መርዝ ነውና እንዳይበላ አለ። አርባ ወንዶች ነበርን። የመንደሩ ሹም ቡላማ ኪያሪ፣ ዶክተር፣ ግቡ ብትለንም አንገባ አለው። ሳቅን። እሱም ሳቀ። ገባችሁ ወይ ሲለን ገብቶናል አልን። በርሜሎቹን ኩሬው ውስጥ ገልብጦ፣ ዳሩ ላይ ሰሌዳ ተክሎ ሄደ። ሥዕሉ ላይ ሱሪ የለበሰ ሰው ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ በላዩ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል።

ዲሄ የሴት ነገር ነው። ቤቱ ገብቶ ያወራው የለም። እኔም አላወራሁም። በማግስቱ ዓይኔን ልታከም ማኦ ከተማ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ፤ ሦስት ወር ቆየሁ።

በተመለስኩ ቀን ልጄ ያካካ ምሳ አቀረበችልኝ። ባሏ ሩቅ ባለው ትልቁ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሦስት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ይኼኛው ሰባተኛ ወሩን ይዟል። እንዲህ የቆየላት የለም።

የማሽላ ገንፎ ነበር፣ ወጡ የደረቀ ዓሣ የገባበት፣ ደማቅ አረንጓዴ። ሁለቴ ጎረስኩ። ሦስተኛውን ጠቅልዬ ሳለሁ፣ በዚህ ሆድሽ ሌላው ሐይቅ ድረስ ሄድሽ እንዴ አልኳት።

«ለምን ብዬ፣ አባ? የራሳችን ተመለሰ እኮ። ከድሮውም ወፍሮ። አዋላጇ ለደምሽ ብይ ብላኝ እሱን ነው የምበላው።»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። አጥንት የተሰነቀረብኝ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ።

«ሰሌዳውን አላያችሁም?» አልኳት።

«አየን እንጂ። ወንድ አይግባ ይላል። ይሄን መንግሥትም አወቀልን ብለን ስንስቅ ነበር።»

ነገርኳት። የተናገርኩት ጥቂት ነው፤ ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አልጮኸችም። ሆዷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ማን ነገረዎት?»

«ዶክተሩ። ማኦ ከመሄዴ በፊት።»

«አርባ ወንድ ሰማ?»

«ሰማ።»

«ከወር በላይ በልቻለሁ። ጠዋትም ማታም።» ሳህኑን ከፊቴ ገፋችው። ከዚያ፣ «ከአርባው አንድ ሚስቱን የሚወድ ጠፋ?»

ተነሥቼ ወጣሁ። በየግቢው አረንጓዴው ቂጣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሕፃናት እየቆረሱ ያኝካሉ። ቡላማን ገበታ ላይ አገኘሁት፤ ስነግረው የጎረሰውን ተፋ። ዶክተሩ ለሴቶቹ ንገሩ አላለንም እኮ አለ።

«ዓይንህ አልነበረም? ግራሩ ሥር ስንሰበሰብ ሴት ነበረች?» አልኩት።

ዶክተሩ ጋ ደወለ። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ አስደገመን። ከዚያ ስንት ሰው በላ ብሎ ጠየቀ። መንደሩ በሙሉ አልነው። እርጉዞቹንና ሕፃናቱን ዛሬውኑ ማኦ ሆስፒታል አድርሱ፣ እኔም እመጣለሁ አለ።

የጭነት መኪና ተገኘ። ያካካ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሆዷን በሁለት እጇ ታቅፋለች።

ደማቸው ተቀድቶ ወደ ኢንጃሜና ተላከ። በአምስተኛው ቀን ነርሱ ወረቀት ይዞ መጣ። ከሴቶቹ አልፎ በር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ ነው።

«አባት፣ የልጅዎ ውጤት...»

«ለእኔ አይደለም» አልኩት። «ያቻትና። ለእሷ ንገራት።»

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ሄደ። አልተከተልኩትም። ጎንበስ ብሎ ሲያወራት፣ እሷ ስትጠይቅ፣ እሱ ሲመልስ፣ እንደገና ስትጠይቅ አየሁ። ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች።

«ደሜ ውስጥ አለ፣ ብዙ ነው። የልጁ ልብ ይመታል። ከዚያ ወዲያ አናውቅም አሉ።»

ይህን ብላ ተነሣች። ሌሎቹን ሴቶች ሰበሰበችና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሰምተው ያልተናገሩትን ወንዶች ስትዘረዝር ስሜንም ጠራች።