በስሱ፣ በእርሳስ

«ታላቅ መምህርት አጣን» አለ ዳይሬክተሩ፣ ቆሞ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሚጣ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀጥ አለች። መምህርት? ዛሬ ገና? ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷ በዚህ ሰውዬ ትምህርት ቤት አስራ አንድ ዓመት አራተኛ ክፍልን ብቻዋን ስታስተምር ስሟ «ረዳት» ነበር። የማን ረዳት እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ አስተማሪ ኖሮ አያውቅም።

«ዲግሪዋን ሳትይዝ ነው እንዴ ያረፈችው?» አለች አንዷ ጎረቤት፣ የምታንሾካሹክ መስሏት።

«አንድ ወረቀት ነው አሉ የቀራት።»

«ውይ! ለአንድ ወረቀት?»

ሚጣ ትሪውን ስታስቀምጠው ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

እትዬ ለዲግሪ ያላንኳኳችው በር የለም። የቀኑን ጠየቀች፤ ሥራሽን ልቀቂ አሏት። የማታውን ጠየቀች፤ ክፍያው ከደሞዟ በለጠ። በመጨረሻ የርቀት ትምህርት አገኘች፤ በየተርሙ አንድ ኮርስ፣ እንደ አቅሟ። የማስተማር ልምምዱንም እዚያው የምትሠራበት ክፍል መሥራት ይቻላል ተባለች። ሞጁሎቹን ከተመረቀ ሰው ላይ ገዛች። መልሱን ሁሉ በእርሳስ፣ በስሱ ነበር የምትጽፈው።

«በእስክሪብቶ ብትጽፊ ምናለ? ዓይንሽ ይጠፋል እኮ!» ትላታለች ሚጣ።

«ላንቺ ነዋ! ላጲስ ታነሺና አጥፍተሽ ትሠሪበታለሽ። በአንድ ሞጁል ሁለት አስተማሪ። ከዚህ የረከሰ ዲግሪ ካገኘሽ ጥሪኝ!»

ስድስት ዓመት ፈጀባት። ኮርሱ አለቀ። የቀራት ልምምዷን መጨረሷን ዳይሬክተሩ የሚያረጋግጥበት ቅጽ ነበር። «በሚቀጥለው ተርም» አላት። በሚቀጥለውም «በሚቀጥለው»። ከፈረመ ረዳት አይደለችማ፤ የአስተማሪ ደሞዝ ሊከፍላት ነው። አራት ተርም ሙሉ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ባለፈው ሐሙስ ክፍል ውስጥ «ራሴን» አለች፤ ቅዳሜ የለችም። ቅጹ ቦርሳዋ ውስጥ ተገኘ።

ዳይሬክተሩ ንግግሩን ጨርሶ ሚጣ አጠገብ ተቀመጠ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ። ጊዜው አይደለም፤ ግን ልጆቹ ባዶ ክፍል ነው የሚውሉት። ሰኞ አንቺ ብትመጪልኝስ? ለጊዜው በረዳትነት።»

ብድግ ብላ ጓዳ ገባች፤ ቅጹን ይዛ ተመለሰችና ጉልበቱ ላይ አኖረችው።

«ይፈርሙ።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያውቁታል።»

«ለቅሶ ቤት እኮ ነው። ደሞ ማኅተሙን…»

«ማኅተሙ ኮትዎ ኪስ ውስጥ ነው። ጸሐፊዋን ስለማያምኑ አብሮዎት ነው የሚውለው። እትዬ ነግራኛለች።»

አክስቷ ከጥግ ተቆጡ። «አንቺ! እንግዳ ነው!»

«እንግዳ አይደለም፣ አክስቴ። አለቃዋ ነው።»

«ለሞተ ሰው ምን ይረባል?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ድምፁን ቀንሶ።

«ኮሌጁ ተመራቂ ብሎ ይመዘግባታል፤ ይሄ ይረባል። አሁን መምህርት ብለዋታል፣ ቤት ሙሉ ሰው ሰምቷል። ያሉትን ይፈርሙ።»

አጎቷ ከወዲያ ማዶ ጣልቃ ገባ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጌታው።»

ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ፈረመ። ማኅተሙን ሁለቴ እፍ ብሎበት መታ። ሻዩን ሳይቀምስ ተነሳ።

ሚጣ እስከ በሩ ተከተለችው። «በረዳትነት አልመጣም። እኔም ለዲግሪው ልመዘገብ ነው። የልምምድ ተማሪ ብለው በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ጠመኔ የምይዘው ከዛ በኋላ ነው።»

«እናያለን» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ተመልሳ ቅጹን አነበበችው። ልምምዱ የተጠናቀቀበት ቀን በሚለው ቦታ የዛሬን ጽፏል። እሑድ የተቀበረችው እትዬ ማክሰኞ ልምምዷን ጨረሰች ይላል ወረቀቱ። ይሄን የትኛው ኮሌጅ ይቀበላል? ሆን ብሎ ይሁን ከልማድ፣ እሱ ያውቃል። የጻፈው በእስክሪብቶ ነው። አይጠፋም።

ሮጣ ወጣች። መኪናው ከመንገዱ ታጥፎ ሄዷል። መንገድ መሃል ቆማ ሰደበችው፤ ጮክ ብላ፣ አክስቷ እየሰሙ።

ከዛ ጓዳ ገብታ የመጀመሪያውን ሞጁል ገለጠች። መሃሉ ላይ ያልተነካ ላጲስ አለ፤ እትዬ ገዝታ ያስቀመጠችላት።

ጥያቄ አንድ፦ የመምህር ዋና ባሕርይ ምንድን ነው?

እትዬ በስሱ «ትዕግስት» ብላለች።

ሚጣ ላጲሱን አነሳች። ቃሏን ፈተገችው። ወረቀቱ እስኪሳሳ ፈተገችው። ፍርፋሪውን እፍ ልትለው ጎንበስ አለችና ትንፋሿን ያዘች። በጣቷ ጫፍ አንድ በአንድ ለቅማ፣ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።